ሰማንያ ሦስት ሱሁር

ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ዘመኑ 1991 ዓ.ም.። አዘዞ ከእኛ ግቢ በአጥር ብቻ በሚለየው ቤት ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን በአንድ ድስት ወጥ ተነሥቶ ከሚስቱ ጋር ተጣላ። ድምፁ አጥሩን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ለእኔ እንደ እናቴ ነሽ!»

እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። «ኧረ፣ እናት መባል ደግሞ ምኑ ይከፋል?» ብላ ሳቀች። እኔም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩና አብሬ ሳቅሁ። ከአጥሩ ወዲያ የሳቀ አልነበረም።

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ በአማርኛ የተተረጎመውን ቁርዓን ሳነብ ነው። ዚሃር ይባላል፤ «ጀርባ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ስም ነው። ከእስልምና በፊት በዐረቦች ዘንድ ባል ሚስቱን «እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» ካላት እርም አደረጋት ማለት ነበር። ሚስት አይደለችም፤ ሌላ እንዳታገባም አልተለቀቀችም።

መዲና ውስጥ ኸውላ ቢንት ሠዕለባ ባሏ አውስ ይህንኑ ሲላት አንገቷን ደፍታ አልቀረችም። ነቢዩ ሙሐመድ ዘንድ ሄዳ፣ ወጣትነቴን ከጨረሰ፣ ልጅ ከወለድኩለት በኋላ ነው እንዲህ ያለኝ ብላ ተከራከረች። 58ኛው ምዕራፍ፣ አል-ሙጃደላህ፣ ስሙን ያገኘው ከእርሷ ክርክር ነው። ፍርዱ ዕዳውን በተናጋሪው ላይ ጣለ፦ ወደ ሚስቱ የሚመለስ ባል ከመነካካታቸው በፊት ባሪያ ነጻ ያወጣል፤ ካላገኘ ሁለት ወር አከታትሎ ይጾማል፤ ያም ካቃተው ስልሳ ድሆች ያበላል።

ሊቃውንቱ የተለያዩት «መመለስ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ዛሂሪዎች ንግግሩን መድገም ነው አሉ። ሐነፊዎች ዳግመኛ ሊቀርባት መቁረጡ ነው ሲሉ፣ በሻፊዒ መዝሐብ ግን መፍታት እየቻለ ሳይፈታ ይዟት መቆየቱ ብቻ ይበቃል። የቃል ጨዋታ የሚመስለው ይኖራል። በአንዱ ትርጓሜ ባልየው ወዲያውኑ ባለዕዳ ነው፤ በሌላው ልቡ እስኪቆርጥ ድረስ እርሷ ትጠብቃለች። እኔ ሃይማኖቱ የእኔ ባይሆንም ልቤ ወደ ሻፊዒው ያደላል። ማሊኪዎችም ሊጎዳት ብሎ ካዘገየ የአራት ወር ገደብ ይጥሉበታል፤ ይህም መልካም ነው።

ጎረቤታችን ጎንደር አዲስ ዓለም ወጥቶ አንድ ሼህ አማከረ። «ጀርባ» የሚለውን ቃል አላወጣም ነበርና ሼሁ ያሰበውን ጠየቁት፦ ለማክበር ነው ወይስ እርም ለማለት? ለማክበር ነው ቢል ኖሮ ዕዳ አልነበረበትም። ሰውየው እውነቱን ተናገረ። (ለዚህ ዛሬም አከብረዋለሁ።) ነጻ የሚወጣ ባሪያ የለም፤ ጾሙ ወጣበት።

ጀመረ። ሌሊት ሌሊት ከአጥሩ ወዲያ ኩራዝ ይበራል፤ ሱሁሩን የምታዘጋጀው እርሷ ናት። ቀኑንም የምትቆጥረው እርሷ፤ በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል እያሰመረች። በሃያ ሦስተኛው ቀን ሰውየው ጥሙ አሸንፎት እያወቀ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። ሲጾም የከረመው ሁሉ ፈረሰ፤ እንደገና ከአንድ።

እናቴ አላስቻላትም። «እታለም፣ የተሳደበው እሱ፣ ከእንቅልፍሽ የምትነሽው አንቺ! ራሱ ተነሥቶ አይበላም?»

«ካልበላ አይችለውማ። እሱ ካልጾመ ደግሞ እኔ ምን ሆኜ ልኖር ነው?»

ይህን መልስ ለዓመታት የተሸናፊ ሴት ቃል አድርጌ ይዤው ነበር። በኋላ የኸውላን ታሪክ በሐዲስ መዝገብ ሳገኘው ተጠራጠርኩ። አውስ አርጅቷል፣ መጾም አይችልም፤ ደሃ ነው፣ የሚያበላው የለውም። በዚያው መካከል አንድ ቅርጫት ቴምር ይመጣል። ያን ጊዜ ያቺው ተከራካሪ ሴት ሌላ ቅርጫት እኔ እጨምርለታለሁ አለች፤ ነቢዩም መልካም አደረግሽ አሏት። ክርክሩን የረታችው ሴት ለረታችው ሰው ዕዳ አዋጣች። ፍቅር ይሁን መላ ማጣት፣ ወይስ የራሷን ትዳር በራሷ ቴምር መግዛት፣ እስካሁን ልቆርጠው አልቻልኩም።

መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ጎረቤታችን የማዕድ ቤቷን ግድግዳ በጭቃ ስትለቀልቅ አየኋት። ከሰሉ ካለበት ነበር የጀመረችው።