ስም ያልተጻፈበት ማንኪያ

በቋንቋችን ማዕድኑም ገንዘቡም አንድ ስም አላቸው፤ ብር። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱም ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛ እጅ ሲገባ ቀልጦ መስቀል፣ አምባር ወይም ድሪ ይሆናል፤ አንዳንዴም ኩክ ማውጫ።

ኩክ ማውጫ ጫፏ የጎደጎደ፣ ከጣት የማትረዝም የጆሮ ማንኪያ ናት። በአናቷ መስቀል ወይም ሐረግ ይቀረጽባታል፤ እናቶችም በክር አድርገው ባንገታቸው ያንጠለጥሏታል። የዳንግላዋ እናቴም ይህችው ነበረቻት። አባቷ ፈረስ ሸጠው ካመጡት ጠገራ አንዱ ለሠርጓ ቀልጦ የተሠራ እንደ ሆነ ትነግረን ነበር።

እታለም ወደ አሜሪካ ከሄደች ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት የብር ማንኪያ ወደ ቤታችን ገባ፤ እጀታው ላይ የአንድ ከተማ ግንብ ወይም ድልድይ የተቀረጸበት፣ ከሥሩም የከተማው ስም የተጻፈበት። እንዲህ ያለው የመታሰቢያ ማንኪያ በዚያ አገር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው፤ ከቀደሙት መካከል በሳሌም ከተማ ዳንኤል ሎው የተባለ ጌጣጌጥ ነጋዴ ያሠራው፣ የጠንቋይ ምስል ያለበት ማንኪያ ይጠቀሳል። እናቴ አንዱንም ለምግብ አላዋለችውም። እንግዳ ሲመጣ ከሣጥን አውጥታ ትደረድራቸውና «ልጄ የረገጠችው አገር ይህ ነው» ትል ነበር።

እናታችን ካረፈች በኋላ ማንኪያዎቹን መካፈል አላስቸገረንም፤ እያንዳንዱ አገሩን ራሱ ይናገራልና። ያስቸገረችን ኩክ ማውጫዋ ናት። ታናሽ ወንድማችን አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ አስመዘናት፤ ሰውየውም ዋጋዋን ነገረው። ሚዛኑ አልዋሸም። ነገር ግን በሚዛኑ ላይ ፈረሱም፣ አያታችንም፣ ሠርጉም አልነበሩም።

አንባቢ ሆይ፣ የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። ያ ጠገራ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም፣ በ1936 ደግሞ ለንደን ሲታተም እንኳ በላዩ የተቀረጸው ዓመት 1780 ነበር። ያልተጻፈው ግን ተናጋሪ አፍ ሲያጣ ወዲያው ግራም ብቻ ይሆናል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚጋልቡትን ፈረሶች፣ ወይም የዘንገናን ሐይቅ፣ በማንኪያ ላይ የቀረጸልን ሰው እኔ አላየሁም። የእኛ ብር አገሩን በአንገት ይዞ ይዞራል እንጂ አይጽፈውም።

ስለዚህ ኩክ ማውጫዋ እንዳትሸጥ ተስማማን፤ ለእታለምም ሰጠናት። ልጆቿ ዳንግላን አያውቋትም። «ስሟን ላስቀርጽባት?» ብላ ጠየቀችኝ። እጀታዋ ቀጭን ነው፤ ከሐረጉ የተረፈ ስፍራም የለም።

«አንቺው ንገሪያቸው» አልኳት።