በአንድ አውታር መጀመር

አንባቢ ሆይ፤ ወንድሜም ሁን እኅቴ፤ ጊታር መማር ከተመኘህ ስንት ዓመት ሆነህ? ይህን የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ከማገኛቸው ወጣቶች መካከል «ጊታር ብችል እንዴት ደስ ባለኝ!» የሚለው ብዙ ነው፤ «ጀምሬአለሁ» የሚለው ግን ጥቂት ነው። አንዱ «ጊዜ የለኝም» ይላል። ሁለተኛው «አስተማሪ አጣሁ» ይላል። ሦስተኛው፣ ከሁሉ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ይስቅብኛል» ይላል። ለሦስቱም የሚሆን መልስ ስላለኝ ይህችን ጽሑፍ ላቀርብልህ ወደድሁ።

የምኖረው በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ፣ በማሻ ነው። ሥራዬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ነው። እዚህ የጊታር መምህር የለም። አውታር የተበጠሰ እንደሆነ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መታገሥ ነው። መብራትም ኔትወርክም በፈለጉ ጊዜ ይሄዳሉ። የማይሄደው ምሽቱ ብቻ ነው። ከወላጆቹ ርቆ በሩቅ አገር የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ምሽት ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቃል። ያን ምሽት በራሱ ፈቃድ ካልሞላው ሌላ ነገር መጥቶ ይሞላዋል፤ ያም ሌላ ነገር ብዙ ጊዜ ኪስንም ጤናንም የሚጎዳ ነው። እንግዲህ ጊታሩን እንደ ጌጥ አትየው፤ የምሽትህ ባለቤት ማን ነው የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ዕቃ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጡት የመማሪያ መጻሕፍትም ሆኑ በስልክ የምናያቸው ትምህርቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በኮርድ ነው። ይኸውም ሁለት ሦስት ጣት በተለያዩ አውታሮች ላይ በአንድ ጊዜ አስቀምጦ መምታት ነው። ለአዲስ እጅ ይህ ሦስት ወይፈን በአንድ ቀንበር እንደ መጥመድ ነው። ጀማሪው ሳምንት ይታገልና ጊታሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። የአገራችን አዝማሪ ግን ከፈረስ ጭራ በተሠራች በአንዲት አውታር ሰርጉን ሁሉ ያስጨፍራል። ስለዚህ እኔ የምመክርህ ከመሰንቆ ተምረህ በአንድ አውታር እንድትጀምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጊታር አንገት ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ተጋድመዋል። ከአንዱ ፍሬት ወደሚቀጥለው ስታልፍ ድምፁ በግማሽ እርከን ይወጣል። 12ኛው ፍሬት ላይ አውታሩ እኩል ለሁለት ስለሚከፈል ንዝረቱ እጥፍ ይሆናል፤ አምስተኛው አውታር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 110 ጊዜ ከነዘረ እዚያ 220 ጊዜ ይነዝራል። ጆሮህም «ያው ድምፅ ከፍ ብሎ መጣ» ይልሃል።

አሁን ከስድስቱ አውታሮች የወደድኸውን አንዱን ያዝ። ባዶውን ምታ፤ ከዚያ 2፣ 4፣ 7፣ 9 እና 12 ቁጥር ፍሬቶችን በየተራ እየተጫንህ ምታ። ይህ ሙሉ ትዝታ ነው። 4ን በ3፣ 9ን በ8 ለውጥ፤ ግማሽ ትዝታ ይሆናል። ከባዶው ቀጥለህ 1፣ 5፣ 7፣ 8 እና 12 ብትል አምባሰል፤ 4፣ 5፣ 7፣ 11 እና 12 ብትል ባቲ፤ 1፣ 5፣ 6፣ 9 እና 12 ብትል አንቺ ሆዬ ነው። እርግጥ የባህል ድምፃዊ ጉሮሮና የመሰንቆ ጣት በፍሬትና በፍሬት መካከል የሚገባ ረቂቅ ድምፅ አላቸው፤ ጊታር የሚሰጥህ ለዚያ የቀረበውን ነው። ለጀማሪ ግን ይበቃል። ደግሞም አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ግማሽ ትዝታን ከአራተኛው ድምፁ ብትጀምረው አምባሰል ሆኖ ታገኘዋለህ። አምስቱ ድምፆች እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው መነሻው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ትምህርት ያቀለለልን የጆሯችን ሀብት ነው። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስሞች ብቻ አይደሉም፤ የወሎ አገሮች ናቸው። የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን በደርግ ዘመን ከደሴ ተነሥቶ ያሰማውን፣ ማሪቱ ለገሠም በአምባሰልና በባቲ ያንቆረቆረችውን ዜማ ሳይሰማ ያደገ ሰው በዚህ አገር አይገኝም። ቤተ ክርስቲያኑም ዜማ አለው፤ መንዙማውም ዜማ አለው፤ እረኛውም ዋሽንት አለው። ስለዚህ ጆሮህ ገና በልጅነትህ ተምሮ ጨርሷል። ያልተማረው ጣትህ ነው። ትምህርቱ ሁሉ የሚያውቀው ጆሮ የማያውቀውን ጣት እየመራ እንዲወስደው ማድረግ ነው።

ይህን በተግባር ያየሁት ከአንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ጋር ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ፣ ሲጠየቅ ድምፁ የማይሰማ ነው። ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት ይነፋል። አንድ ቅዳሜ ከደጃፌ ቆሞ ሲያዳምጥ አየሁትና ግባ አልሁት። ዋሽንቱን ከጉያው አወጣ፤ አጭር ሐረግ ነፋ፤ እኔም በአንዲቱ አውታር ላይ ፈለግሁት። «ትንሽ ወደ ታች ነው መምህር» አለኝ። ቀጥሎም «አሁን መጣ!» አለ። በዚያች ሰዓት መምህሩ እርሱ፣ ተማሪው እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥም እጁን ያወጣ ጀመር። ሰው አንድ ነገር እንደሚያውቅ ሲመሰከርለት የማያውቀውን ለመጠየቅ እንደሚደፍር ከዚህ ተረዳሁ።

አሁን ወደ ልምምዱ እንመለስ። በቀን 15 ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ልምምድ ይበልጣል፤ ጣት የሚማረው በመደጋገምና በማረፍ ነውና። ቀስ ብለህ ምታ። ስትቸኩል የምትለማመደው ዜማውን ሳይሆን መሰናከሉን ነው። የግራ እጅህን ጥፍር ቍረጥ። ጣትህን በሁለት ፍሬቶች መካከል መሐል ላይ ሳይሆን ከምትፈልገው ፍሬት አጠገብ፣ ከበስተኋላው አሳርፍ፤ በትንሽ ኃይል ጥርት ያለ ድምፅ ታገኛለህ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣትህ ጫፍ ይቆስላል፤ በኋላ ቆዳው ይጠነክራል። ሕመሙ ሲያማርርህ ጃንጎ ራይንሃርትን አስብ። ይህ የጊታር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1928 በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተውበት፣ በቀሩት ጣቶች አዲስ አመታት ፈጥሮ በዓለም የታወቀ ሰው ነው።

መቃኘትንም በጆሮህ ልመድ። የስልኩ መቃኛ መልካም ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ጆሮ ብቻ ይቀራል። ወፍራሙን ስድስተኛ አውታር በ5ኛው ፍሬት ስትጫነው ከአምስተኛው ባዶ አውታር ጋር እኩል ድምፅ መስጠት አለበት። እንዲህ እያልህ ወደ ቀጭኖቹ ትወርዳለህ፤ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ስትሄድ ብቻ በ5ኛው ፈንታ 4ኛውን ፍሬት ትይዛለህ። በደጋ አገር ይህ ዕውቀት ግድ ነው። በብርድ ሌሊት የብረት አውታር ይኮማተርና ድምፁ ይወጣል፤ ቤቱ ሲሞቅ ደግሞ ላልቶ ይወርዳል። ቀጭኑ አውታር ቢበጠስብህም ልምምዱን አታቋርጥ። አምስት ቀርቶልሃል፤ ባለ አምስት አውታር ክራር ስንቱን አስለቅሷል!

ጣትህ አንዱን አውታር ሲለምድ ወደ ኮርድ ተሻገር። እኔ የምመርጥልህ ሲ ሜጀርንና ኤ ማይነርን ነው። የፊተኛው ዶ፣ ሚና ሶል፤ የኋለኛው ላ፣ ዶና ሚ ናቸው። ከዶ የሚጀምረው ሙሉ ትዝታ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለ ሆነ ሁለቱም ኮርዶች ከትዝታ ቤት አይወጡም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድም የቀለበት ጣትህን ብቻ ከአምስተኛው አውታር 3ኛ ፍሬት ወደ ሦስተኛው አውታር 2ኛ ፍሬት ታዛውራለህ፤ ሌሎቹ ጣቶች ካሉበት አይነሡም። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ጓደኛህ ትዝታ ሲያንጎራጕር ልታጅበው ትችላለህ።

የቀረን የሦስተኛው ሰው ነገር ነው፤ «ይስቁብኛል» ያለው። አዎን፤ ይስቃሉ። እኔንም «መምህሩ አዝማሪ ሊሆን ነው» ያሉኝ አሉ። ነገሩን ክፋት አላልሁትም፤ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። አገራችን ዜማውን እየወደደች ባለ ዜማውን ስትንቅ ብዙ ዘመን ኖራለች። ይሁን እንጂ ስድብ ተብሎ የተወረወረውን ቃል ደህና አድርጌ ብመረምረው ስድብ ሆኖ አላገኘሁትም። አዝማሪ ማለት ለዓመታት በርትቶ የተማረ ባለ ሙያ ነው፤ እኔ ግን ገና ጀማሪ ነኝ። እንኳን እኛ ባዕድም ከእርሱ እግር ሥር ተቀምጧል። አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተን በሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ባልደረባ ከነበረው ከጌታመሳይ አበበ መሰንቆ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአገሩ ስመ ጥር በነበረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ። ሰው የሌላውን አገር መሣሪያ ካለ ዕድሜው ጀምሮ እዚህ ከደረሰ፣ እኛ የገዛ ራሳችንን ቅኝት በጊታር ለመፈለግ የምናፍርበት ምን ምክንያት አለ?

በበኩሌ ከአንድ ዓመት ልምምድ በኋላ የምችለው ጥቂት ነው። አንድ ትዝታና አንድ አምባሰል ሳልደናቀፍ እመታለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ሲዘፍን አጅበዋለሁ፤ ፈጣን ጨዋታ ገና አይሞከርም። ጥቅሙን የምለካው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል የማያውቅ ሰው ሆኜ እቀመጣለሁ። ማግስቱን ክፍል ስገባ ሒሳቡ አልገባ ያለውን ልጅ የማየው ጣቱ ገና ያልጠነከረ ጀማሪ አድርጌ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውን ቀስ ብዬ እንደገና እጽፍለታለሁ። አንተም በመሥሪያ ቤትህ መስኮት በኩል ቅጹን መሙላት ያቃተው ባለ ጉዳይ ሲመጣ ይህ ሳይጠቅምህ አይቀርም።

እንግዲህ አንባቢዬ፤ ጊታር ካለህ ከግድግዳው አውርደው፤ ከሌለህ ካለው ጓደኛህ ተዋስ። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንዲቱን አውታር ያዝና 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12 ብለህ ጀምር። የቀረውን ጆሮህ ይነግርሃል።