ባሮ ሲሞላና ሲጎድል

ጋምቤላ ከተማ ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ወደ ገበያ ጎራ ማለት ልማዴ ነበር። የባሮን ወንዝ ተከትለው ከገጠር የመጡ የአኙዋ ሴቶች እሸት በቆሎና የደረቀ ዓሣ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከእነሱ ማዶ ከደጋ በጭነት መኪና የወረደ ጤፍ፣ በርበሬና ሽንኩርት ተቆልሏል። የከተማው ሰው ጉሮሮ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ያደረ ነበር።

ዓሣ የምገዛቸው አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ሸጠው ሲጨርሱ ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ተነሡ፤ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ጨው ገዙ፤ ሳሙና ገዙ፤ ከዚያ የመረብ ክር ሲመርጡ እየሳቡ ጥንካሬውን ፈተኑ። «እማማ፣ ብሩን ሁሉ ለክር ጨረሱት» ስላቸው፣ «መምህር፣ መረቡ ካልተጠገነ አንተስ ዓሣ ከየት ትበላለህ?» አሉኝ።

ከተማዋ ራሷም የገጠር ልጅ ናት። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ያ ቡና ከገበሬው ጓሮ ባይወጣ ኖሮ መርከቡም አይመጣም፣ ጣቢያውም ከተማ አይሆንም ነበር።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወጣ። ወንዝ ዳር ያሉ ሰፈሮች ውኃ ገባባቸው፤ ሕፃናትን በትከሻችን አሻገርን። ውኃው ሲጎድል ቤታችንን ጠርገን ክፉው ቀን ያለፈ መሰለን። ገበያ ስወጣ ግን የሴቶቹ ቦታ ባዶ ነበር፤ በቆሏቸው በቆመበት በስብሷል። የዱቄት ዋጋ ወዲያው አሻቀበ። እኒያ እናት ከርመው ሲመጡ የሚሸጥ አልያዙም። ዘር ፍለጋ ነበር የመጡት። ጎረቤቶቼ ያላቸውን አዋጥተው የተወሰነ በቆሎ ሰጧቸው።

ባሮ ሲሸሽ በዳርቻው ደለል ይተዋል፤ እርጥበቱ ሳያልፍ የተዘራ በቆሎ ያለ ዝናብ ይደርሳል። ያ ጊዜ አጭር ነው፤ ሰውን አይጠብቅም። ስለዚህ ከጎርፍ በኋላ እርዳታ ስናሰባስብ ከብርድ ልብስና ከዱቄት ጋር ዘርም በወቅቱ መንደሮቹ ይድረስ። ይህ ለገጠሩ የምንመጸውተው ምጽዋት አይደለም፤ የራሳችንን የከርሞ እንጀራ መዝራት ነው።