ሂርና ከዚያ ላይ ትታይ ይሆን?

የሰው ልጅ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ የሚኖርበትን ምድር ለመቃኘት ያለው ጉጉት የቆየ ነው። እረኛ ከብቱን የሚያይበትን ጉብታ ይመርጣል። ገበሬ ማሽላው ሲያሽት በማሳው መካከል ማማ ይተክላል፤ ከማማው ላይ ሆኖም ወፉን በወንጭፍ፣ ዝንጀሮውን በጩኸት ይመልሳል። ከተማ ሲሰፋና ሕንፃ ሲረዝም ያው ማማ መልኩን ለውጦ በብረት፣ በአርማታና በመስተዋት ይሠራል እንጂ ጉጉቱ ያው ጉጉት ነው።

በፓሪስ ከተማ የኤፌል ማማ ግንባታ የተጀመረው በ1879 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ከፍታ ወደ ፍል ውኃ ሜዳ ወርደው አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት ከተማ ተቆረቆረች። እነሆ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ሕዝብ ከተማውን ለማየት ማማ መሥራት ሲጀምር፣ ሌላው ከተፈጥሮ ማማው ወርዶ የሚታይ ከተማ መሥራት ጀመረ። አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር ከላይ የታየች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ከእነዚያ የፍል ውኃ ምንጮች ብዙም ሳይርቅ፣ በ1948 ዓ.ም. ከተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። ሥራውን የመራው የቻይና ተቋራጭ ሲሆን፣ ፌሮውን ካሠሩት፣ አርማታውን ከሞሉትና መስተዋቱን ከገጠሙት እጆች መካከል ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶች እጆች ይገኙበታል።

ከእነዚህ ወጣቶች የአንዱ አባት በሂርና ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰባን ተሻግሯል። አዲስ አበባን አይተው አያውቁም። ሰፊው ዓለማቸው በምሥራቅ እስከ ድሬዳዋ፣ በምዕራብ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል እስከነበረችው ጭሮ ነበር። አሁን ግን አንድ ሐሳብ ይዟቸዋል፦ ልጃቸው የሠራው ሕንፃ ጫፍ ላይ ወጥቶ ማየት።

የጉዞው ዕቅድ በሴት ልጃቸው እጅ ነው። እሷ በዚያው በሂርና የሒሳብ መምህርት ናት። መምህርት ለመሆኗ ምክንያቱ ደግሞ ወንድሟ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ ዝናብ ነፍጎ በማግሥቱ ዓመት ድርቁ ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ ሲጎዳ፣ በቤቱ ሁለት ተማሪ ማስተማር የማይቻል ሆነ። አባትየው አንዲት ጥጃ ሸጡ፤ በገንዘቡ ለወንዱ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ቆረጡለት። እሱ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ፌሮ አሣሪ ሆነ፤ በየወሩ በሚልከው ገንዘብ እህቱ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች። ይህ ነገር በቤቱ ውስጥ በግልጽ ተነሥቶ አያውቅም። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ዙሪያውን ይረግጣል።

መምህርቷ ዕቅዷን እንደ ትምህርት ዝግጅት በደብተር ጻፈች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ መንገዱ አለ። ከሂርና ተነሥቶ ጭሮ ይደርሳል፤ ከጨርጨር ተራሮች እየተጠማዘዘ ወደ ሚኤሶ ቆላ ይወርዳል፤ አዋሽን ተሻግሮ፣ በመተሐራ የፈንታሌን ተራራና የበሰቃን ሐይቅ አልፎ፣ በአዳማ በኩል ወደ ሸዋ ደጋ ይወጣል። ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለአረጋዊ ጉልበት ቀላል አይደለም። ከመንገዱ ጎን ከፍታዎቹን አሰፈረች፦ ሂርና 1,800 ሜትር ግድም፣ የአዋሽ ከተማ ከ1,000 ሜትር በታች፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ይህን ስታይ ፈገግ አለች። የሕንፃው መሠረት ራሱ ከሂርና 500 ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ይህም የሕንፃውን ቁመት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። አባቷ አሳንሰሩ ውስጥ ሳይገቡ ገና በአውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሕንፃው የሚበልጥ ከፍታ ይወጣሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ገጽ ስለ ፈቃድ ነው። ሕንፃው መሥሪያ ቤት እንጂ መናፈሻ አይደለም፤ ስለሆነም አስቀድሞ በደብዳቤ መጠየቅ ይገባል። ፈቃዱ ባይገኝ እንጦጦ አለ። 3,200 ሜትር ገደማ በሚደርሰው በዚያ ተራራ ላይ በ2013 ዓ.ም. መናፈሻ ተከፍቷል፤ ከተማይቱም ከነሕንፃዋ ከእግር በታች ትዘረጋለች።

ሦስተኛው ገጽ “ከላይ ምን እናያለን?” የሚል ነበር። አባቷን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣

“ሂርና ከዚያ ላይ ትታይ ይሆን?” አሉ።

የሒሳብ መምህርት እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ አታጣም። በሜትር የተለካውን ቁመት ዳግም ዘር በ3.57 ማባዛት፣ ምድሩ ሜዳ ቢሆን፣ አድማስ ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ይነግራል። ለ209 ሜትር ውጤቱ 52 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዱባይ ያለውና 828 ሜትር የሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ ተነቅሎ አዲስ አበባ ቢተከል እንኳ ከጫፉ አድማስ የሚርቀው 103 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሂርና ከዚህ ሁሉ ማዶ፣ ከስምጥ ሸለቆው ወዲያ፣ በተራሮች እቅፍ ውስጥ ናት። የምድር ክብነት ራሱ ይሸፍናታል።

መልሱን ካወቀች በኋላ ሁለት ቀን ሳትናገር ቆየች። በሦስተኛው ቀን ሆጃ አቅርባላቸው ሳለ፣ “አባባ፣ አትታይም፤ በጣም ትርቃለች” አለቻቸው።

አዛውንቱ ስኒውን አስቀመጡ። “ታዲያ ያ ልጅ ምን ያይ ነበር?” አሉ። ልጃቸው በሥራው ዘመን ስልክ በደወለ ቁጥር፣ “ዛሬ እላይ ወጥቼ ወደ እናንተ አየሁ” ይላቸው ነበር። እሳቸውም ዓመታት ሙሉ፣ ማምሻውን ከደጃፋቸው ቆመው ወደ ምዕራብ ሲያዩ፣ ልጃቸው የሚያያቸው መስሏቸው ኖረዋል። “ከትምህርት ቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቤቱን እያየ መሆኑ ግን ያጽናናኝ ነበር” አሉ። በዚያ ቤት ሳይነገር የኖረው ነገር በዚህ ተነገረ።

መምህርቷ ለአባቷ የምትሰጠው የሒሳብ መልስ አልነበራትም። የተረዳችው ግን አንድ ነገር ነበር፦ ዕቅዱ ከሥሩ መለወጥ አለበት። ሦስተኛውን ገጽ ሰርዛ በምትኩ እንዲህ ጻፈች። በመጀመሪያ ከሕንፃው ሥር መቆም። ወንድሟ፣ አሁን በሌላ ሥራ ላይ ቢሆንም፣ የዚያን ቀን ፈቃድ ወስዶ እንዲመጣ ማድረግ። ያሠረው ፌሮ በየትኛው በኩል፣ በስንተኛው ፎቅ እንዳለ በጣቱ እያመለከተ ለአባቱ እንዲያስረዳ። ከዚያም አባትና ልጅ ብቻቸውን የሚነጋገሩበት ጊዜ መተው። ወደ ላይ መውጣቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከላይም ሲሆኑ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያዞራሉ፤ አትታይም፤ ቢሆንም ወደ ሂርና ያያሉ።

ይህ የአንድ ቤት ዕቅድ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከፍታ ላይ የሚወጣ ተመልካች ጣሪያውን፣ አደባባዩንና መንገዱን ያያል። ሕንፃውን የያዘው ፌሮ ግን በአርማታ ተሸፍኗል፤ ከየትኛውም ከፍታ አይታይም። ፌሮውን ያሠረው ወጣት የተወው የትምህርት ወንበር፣ ለመሳፈሪያው የተሸጠችው ጥጃ፣ በደጃፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚያይ አባት፣ እነዚህም ከሕንፃው መሠረት ጋር አብረው የተቀበሩ ናቸው። ዓይን የማይደርስበትን ለተመልካች ማድረስ የመምህሩና የጥበብ ሰው ድርሻ ነው። ወደ ረዣዥም ሕንፃዎቻችን ጫፍ ተማሪዎቹን ይዞ የሚወጣ ሁሉ “ምን ይታያችኋል?” ብሎ ብቻ አይለፍ፤ “ከእግራችሁ በታች ያለውን ማን ሠራው፣ ከየትስ መጣ?” ብሎ ይጠይቃቸው።

ደብዳቤው ተጽፏል። አዛውንቱ ጉዞው ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን ጠይቀዋል፤ እስከዚያ ድረስ ከማማው ላይ ወርደው አዝመራውን ለወፍ መተው አይሆንላቸውም።