የዘገየ መልስ ቅያሜ አይደለም

በየቤታችን ከገቡት አዳዲስ ነገሮች መካከል የዋይፋይን ያህል ዘወትር የሚታማ፣ ጠባዩ ግን ያልተጠና ያለ አይመስለኝም። ሲያስቸግረን ሁላችንም የምንለው አንድ ቃል ነው፤ «ኔትወርክ የለም!» እንላለን። ነገር ግን «የለም» እና «ዘገየ» አንድ አይደሉም። ጨርሶ የተቋረጠ መስመር ያናድድ ይሆናል እንጂ ሰውን ከሰው አያጣላም። የሚዘገይ መስመር ግን በቤተሰብ መካከል ገብቶ ሊያቀያይም ይችላል። ቀራንዮ በሚገኘው ቤታችን የገጠመንን የማወጋችሁም ለዚሁ ነው።

እናታችን ከዒሻ ሶላት በኋላ ሪያድ ከምትሠራው እህታችን ጋር በቪዲዮ ትነጋገራለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ከንግግሩ በኋላ ፊቷ ጠቆር ማለት ጀመረ። ምን እንደሆነች ብንጠይቃት፣ «ልጄ ድሮ ቃሉን ከአፌ ትነጥቀኝ ነበር፤ አሁን አስባ ነው የምትመልስልኝ። የደበቀችኝ ነገር አለ» አለች። እህታችን በበኩሏ «እማ አላስጨርስ አለችኝ፤ ምነው ተቆጣች?» ብላ ላከችብኝ። ሁለቱም የሚዋደዱ፣ ሁለቱም የተከፉ ነበሩ።

ታናሽ ወንድሜ ወዲያው ጥፋተኛውን አገኘሁ አለ። ሰርቪስ ቤት የተከራየው ወጣት ሌሊቱን በስልኩ ጌም ሲጫወት ያመሻል። «ጋሼ፣ የይለፍ ቃሉን ቀይረን እናስወጣው፤ እሱ ነው የሚበላው!» አለኝ። ካልሆነም መስመሩን ወደሰጠን ድርጅት ደውዬ እጮሃለሁ አለ። እኔም «ከመፍረድ በፊት እንለካ» አልኩት። ወጣቱ የሰው ልጅ ነው፤ ባላጣራነው ነገር ስሙን ማንሳት አይገባንም።

ለመሆኑ መዘግየት ምንድን ነው? የመስመር ስፋትና የመልስ መዘግየት የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት የአየር ጤናን የታክሲ ሰልፍ ማሰብ ይበቃል። በሰዓት ስንት ታክሲ ይመጣል የሚለው ስፋቱ ነው። አንተ ከተሰለፍክበት ደቂቃ እስከምትሳፈር ድረስ የምትቆየው ደግሞ መዘግየቱ ነው። ታክሲው ብዙ ቢሆንም ከፊትህ ሁለት መቶ ሰው ከቆመ ትዘገያለህ።

የመልስን ጊዜ የምንለካው ፒንግ በሚባል ቀላል መሣሪያ ነው። ይህን የሠራው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1983 ነው። ስሙን ያወጣለት ሰርጓጅ መርከቦች ድምፅ ልከው ማሚቶውን ከሚሰሙበት ዘዴ ነው። ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ትንሽ መልእክት ይላካል፤ ደርሶ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ በሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ይቆጠራል። ቁም ነገሩ ሁለት ቦታ መለካቱ ነው፤ አንዴ እዚያው ቤት ውስጥ እስካለው ራውተር ድረስ፣ አንዴ ደግሞ ውጭ እስካለ አድራሻ ድረስ። የራውተሩ አድራሻ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተለጥፎ ይገኛል።

በማለዳ ራውተሩ አጠገብ ቆሜ ስለካ እስከ ራውተሩ 3 ሚሊ ሰከንድ፣ እስከ ውጭው 130 ገደማ ሆነ። ይህ ደህና ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስልክ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመክራልና። ወደ እናታችን ክፍል ስገባ ግን እስከ ራውተሩ ብቻ ከ40 እስከ 300 ይዋዥቅ ጀመር። መልእክቱ ገና ከግቢያችን ሳይወጣ ነው እንግዲህ! ማታ ከዒሻ በኋላ ደግሞ እንደገና ራውተሩ አጠገብ ቆሜ ለካሁ፤ እስከ ራውተሩ ያው 3፣ እስከ ውጭው ግን 1800 ደረሰ። ስለዚህ ያለብን ችግር ሁለት ነበር፤ አንዱ የክፍሉ፣ ሌላው የምሽቱ።

የክፍሉ ችግር በዓይን የሚታይ ነበር። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወለል ላይ ተቀምጧል። በእሱና በእናታችን አልጋ መካከል የቆርቆሮ ግድግዳና ለውኃ መጥፊያ ቀን የሞላናቸው ሁለት በርሜሎች አሉ። ብረት የሬድዮ ሞገድን ይመልሳል፤ ውኃ ደግሞ ይውጠዋል። የተላከው መልእክት «ደረሰ» የሚል ምላሽ ካልተገኘለት ራውተሩ ደጋግሞ ይልከዋል፤ በዚህ መካከል ጊዜው ይነጉዳል። በተጨማሪም በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ሲሆኑ የጎረቤቶቻችን ራውተሮች በአብዛኛው 6 ላይ ተከማችተው አገኘናቸው። የእኛም እዚያው ነበር። ወደ 11 ቀየርነው፤ ራውተሩንም ከፍ አድርገን መሀል ቤት ሰቀልነው። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ማለፍ ስለሚከብደው ለእናታችን ክፍል ገመድ ዘርግተን የድሮውን ትንሽ ራውተር እዚያ ተከልንላት።

የምሽቱን ችግር ለማግኘት ደግሞ ፒንጉን ሳላቋርጥ የቤቱን ስልኮች ዋይፋይ አንድ በአንድ አስጠፋሁ። የተከራዩ ስልክ ሲጠፋ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ጌም የሚልከው መረጃ በጣም ጥቂት ነው፤ እንዲያውም እሱ ራሱ በመዘግየቱ ሲበሳጭ የከረመ ነው። የወንድሜ ሲጠፋም ለውጥ የለም። የእናታችን ስልክ ሲጠፋ ግን 1800 የነበረው ወደ 130 ወረደ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩን የላከችላት እህታችን ናት። የልጅ ልጆቿን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ወደ ውጭ እየላከ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ የተዘጋጀ ነበር። ቀን ያነሳችው ሁሉ የሚጫነው ማታ ስትደውል ነው። የቤት መስመር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለመቀበል ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ላይ 250 ኪሎ ባይት ከፊት ከተሰለፈ ቀጥሎ የመጣው ድምፅ 2 ሰከንድ ይጠብቃል። የእናታችን «እንዴት ነሽ ልጄ?» ከራሷ ፎቶዎች ኋላ ቆሞ ተራ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጂም ጌቲስ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ በሚገኘው ቤቱ ይህንኑ አግኝቶ በፈር ብሎት የሚል ስም ሰጥቶታል። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ሰልፉ እንዳይረዝም የሚቆጣጠር ኮደል የተባለ ዘዴ አቀረቡ። ይህ ዓይነቱ የሰልፍ መቆጣጠሪያ ዛሬ በአንዳንድ ራውተሮች ውስጥ ይገኛል። ያለው ሰው ከፍቶ የመላኪያውን መጠን ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ ቢያደርገው ይጠቀማል። የእኛ ስለሌለው የፎቶው ጭነት እናታችን ከተኛች በኋላ እንዲሆን አደረግን።

ርቀቱስ? የሚል ይኖራል። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ይወጣል። ቢሆንም 10,000 ኪሎ ሜትር እንኳ በአንድ አቅጣጫ 50 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጀው። በየካቲት 2016 ዓ.ም እንደሆነው የቀይ ባሕር ገመዶች ሲቆረጡ መስመሩ ዞሮ ሊረዝም ይችላል። ሁለት ሰከንድ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን ቅርብ መፈለግ ይበጃል።

ወንድሜ ለተከራዩ ሻይ አፍልቶ ወሰደለት። እኔ ደግሞ እናቴን «ጥፋቱ ያንቺ ነው» አላልኳትም፤ «የልጅ ልጆችሽ ፎቶ ነው መንገዱን የዘጋው» አልኳት። ስቃ «እንግዲያስ ይለፉ!» አለች።

ዘመዶቻችሁ በጅዳም ሆነ በዱባይ ላሉ ቤተሰቦች የምመክረው ይህን ነው። ማዶ ያለው ሰው መልሱ ከዘገየ «ድምፄ ቶሎ ይደርስሻል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ልጆቻችሁ ሁለቱን ቦታ፣ ማለዳና ማታ፣ ለክተው ወረቀት ላይ ይጻፉላችሁ። አራት ቁጥር ብቻ ነው፤ ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድም።