በእርሳስ የተሰመረው ግድግዳ

ለንደን የገባሁት በጥቅምት መጨረሻ ነው። አክስቴ የሚኖሩት በሰሜን ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረ የጡብ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሻንጣዬን እንዳስቀመጥኩ እጄን ይዘው መኝታ ቤት አስገቡኝና ማዕዘኑን አሳዩኝ። ከኮርኒሱ ሥር ቡናማ እድፍ ወደ ታች ወርዷል። ዙሪያውን በእርሳስ ተሰምሯል፤ በየመስመሩ አጠገብ ቀን ተጽፏል።

«ዝናብ በጣለ ቁጥር እለካዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። በጣቴ ስነካው ልስኑ ተፈርፍሮ ወረደ።

ቤቱን ገዝተውታል፤ የባንክ ዕዳውንም ጨርሰዋል። በእንግሊዝና በዌልስ ግን አፓርታማ የሚገዛ ሰው ባብዛኛው የሚገዛው ሊዝ ነው፤ የ99፣ የ125፣ አንዳንዴም የ999 ዓመት መብት። ሕንፃውና መሬቱ የሌላ ባለቤት ነው፤ እሱም አስተዳዳሪ ድርጅት ይቀጥራል። እኛ አገር ሊዝ የመሬት ነው፤ በላዩ የሠራነው ቤት የራሳችን ነው። እዚህ ግድግዳው ራሱ ለሁለት ተከፍሏል። በአክስቴ ውል ቀለሙና ልስኑ የእሳቸው፣ ጡቡ፣ ጣሪያውና አሸንዳው የባለቤቱ ነው። አንቀጹን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የባለቤቱ ጣሪያ ሲታደስም ወጪውን የሚያዋጡት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ «ሰርቪስ ቻርጅ» ይሉታል።

የአስተዳዳሪው የመጀመሪያ መልስ አጭር ነበር፦ እርጥበቱ የትንፋሽ፣ የምግብ እንፋሎትና ቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስ ያመጣው ነውና መስኮት ይክፈቱ። አክስቴ አመኑ። ያለፈውን የብርድ ወራት መስኮት ከፍተው አደሩ። ወጥ መሥራት ቀነሱ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚያፈሉትን ቡና ሳይቀር ተዉት። «ሰው መጥቶ ቡና ሳላፈላ ስሸኝ አፈርኩ» ሲሉኝ ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም። የትንፋሽ እርጥበት በብርድ ጠዋት መስኮት ላይ ያልባል፤ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። ከውጭ የሚዘልቅ ውኃ ግን ዝናብ ተከትሎ ይሰፋል፤ ሲደርቅም ቡናማ ጠርዝና ነጭ ጨው ይተዋል። የአክስቴ የእርሳስ መስመሮች የሚሰፉት በዝናብ ማግስት ነበር። ማንም መጥቶ አላያቸውም።

በ2020 እ.ኤ.አ. ሮችዴል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አዋብ ኢሻቅ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን ሻጋታ በወረረው ቤት ኖሮ ሞተ። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ነበሩ፤ አከራያቸውም ስለ አኗኗራቸው ግምት መውሰዱንና መሳሳቱን በኋላ አምኗል። በስሙ የወጣው ሕግ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማኅበራዊ ቤት አከራዮችን በተወሰነ ጊዜ እንዲመረምሩና እንዲጠግኑ ያስገድዳል። እንደ አክስቴ ያለውን የግል ባለሊዝ ግን አይሸፍንም።

አክስቴ በገዛ ገንዘባቸው ባለሙያ አስመጡ። አሸንዳው ውስጥ ሣር በቅሏል፤ የውኃ መውረጃው ቱቦም መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል፤ ውኃው ዓመታት ጡቡን ሲያጠጣ ኖሯል። የባለሙያው ሪፖርት ለአስተዳዳሪው ከተላከ በኋላ ነው የጥገና ደብዳቤ የመጣው። በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ከአንድ ባለሊዝ ከ250 ፓውንድ በላይ የሚጠየቅበት ጥገና ከሆነ ነዋሪዎቹን አስቀድሞ ማማከር ግዴታ ነው፤ አስተያየት ለመስጠትም 30 ቀን አላቸው። ደብዳቤው ስለ አሸንዳው ብቻ አልነበረም፤ ሙሉ ጣሪያውን ማደስ፣ ዙሪያውን ስካፎልዲንግ መትከል ጭምር።

አሸንዳው በጊዜው ቢጠረግ በመሰላል የሚያልቅ ሥራ ነበር። የመዘግየቱን ዋጋ የዘገየው ሊከፍል ይገባዋል፤ አክስቴም ይህንኑ እንዲህ ያለውን ክርክር ለሚዳኘው ትሪቡናል ሊያቀርቡ ተነሥተዋል፤ ሕጉ የሚያስከፍለው ምክንያታዊ ወጪን ብቻ ነውና። ሰርቪስ ቻርጁን መክፈል ለማቆም ቃጥቷቸው ነበር፤ ሊዙን እስከ ማጣት ሊያደርስ እንደሚችል ሲነገራቸው ተዉት።

በመጨረሻው ምሽቴ ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ከታች የሚኖሩት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር የስድስት ዓመት የሰርቪስ ቻርጅ ደረሰኞቻቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። አክስቴ ቡና ቆሉ፤ እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፈነው። ሁለተኛው እንደቀረበ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። አክስቴ ሲኒያቸውን አስቀምጠው እርሳሳቸውን ፈለጉ።