በሣጥን የከረመ ሊብሬ

የጋሼን ፎቶግራፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። የእናቴ ታላቅ ወንድም ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ትንሽ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጧል። ከበስተኋላው የጡብ ቤት በር ይታያል። በጀርባው «በርሚንግሃም፣ 1949» ይላል፣ በራሱ እጅ። ምሕንድስና ሊማር እንግሊዝ አገር ሄዶ በ1952 ተመለሰ። ሲመለስ ከትከሻው አጥንት ሥር ተነስቶ ወደ ጎኑ የሚወርድ ጠባሳ ነበረው። ምን ሆነህ ነው ሲሉት «ሞተር ጥሎኝ ነው» አለ። በዚህች ቃል ምክንያት አያቴ እስክትሞት ድረስ በቤታችን ሞተር ሳይክል የሚባል ነገር አይነሳም ነበር። ጋሼም እኔ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አረፈ።

እማዬ ደብዳቤዎቹን በቀን ተራ አስራ ታስቀምጣለች። ልጅ ሆኜ ሳነብላት አንድ ቦታ ላይ ስደርስ «እሱን ተይው፣ ወደሚቀጥለው እለፊ» ትለኝ ነበር። በየወሩ ይጽፍ የነበረ ሰው፣ ከመስከረም 1950 በኋላ የጻፈው ደብዳቤ የሰኔ 1950 ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ዝም። የሰኔው ደብዳቤ «ፈተና ይዞኝ ነው፣ አትቀየሙኝ» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይገባል።

በርሚንግሃም መኖር ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በ2019 (ከዚህ በኋላ የእንግሊዙን ነገር በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ከፖስታዎቹ ጀርባ የቀዳሁትን አድራሻ ይዤ ሄድሁ። የጡቡ ቤት በር ከነቅርጹ አለ። የከፈቱልኝ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ናቸው፤ የጋሼ አከራይ ልጅ። ፎቶግራፉን ሳሳያቸው ብዙ አላሰቡም። «ይሄ እኮ እኛው ጓሮ ነው ያለው» አሉኝ። ሰውየውን ያሉ መስሎኝ ደነገጥሁ። ሞተሩን ነው።

ከጓሮው መጋዘን ውስጥ፣ ከከሰል ጆንያና ከአሮጌ አልጋ ብረት ኋላ፣ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ጎማዎቹ ጠፍጥፈው መሬት ይዘዋል፣ ወንበሩን አይጥ በልቶታል። የኋላው ሰሌዳ ግን ይነበባል፤ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ያው ቁጥር ነው። ወይዘሮዋ እንዳሉት ጋሼ አገሩ ሲሄድ «ተመልሼ እወስደዋለሁ» ብሎ ነው የተወው። እናታቸውም ቃል ቃል ነው ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው አላስነኩትም።

ሞተሩ ቢኤስኤ ባንታም ነው፤ 123 ሲሲ፣ ሦስት ማርሽ፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆለት የሚነዳ። የቤንዚን ክዳኑ ከሥሩ የዘይት መለኪያ ስኒ አለው፤ ይህን ስኒ ሳየው ጋሼ በየጠዋቱ ጎንበስ ብሎ ሲለካበት የታየኝ ያህል ነው። ባንታም የተማሪ፣ የወዛደርና የቴሌግራም አመላላሽ ሞተር ነበር። የተሠራውም ስሞል ሂዝ ውስጥ፣ ከዚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። ቢኤስኤ በ1861 ጠመንጃ ሊሠራ ተቋቁሞ ኋላ ወደ ሞተር ሳይክል የዞረ ድርጅት በመሆኑ አርማው እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ናቸው።

መጠገኑን የያዙልኝ በወጣትነታቸው እዚያው ፋብሪካ የሠሩ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። በኖቬምበር 1940 የጀርመን ቦምብ ፋብሪካው ላይ ወድቆ 53 ሠራተኞች መሞታቸውን የነገሩኝ ካንዴላውን እየፈቱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የጀርመኑ የዲኬደብልዩ ሞተር ንድፍ በጦር ካሣነት መጣና ያው ፋብሪካ በ1948 ባንታምን አወጣበት። የእርሳቸው አባት ከሞቱት ጋር አብረው ይሠሩ ስለነበር ባንታም ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ልጃቸው ግን የጋሼን ባንታም ሁለት ክረምት ሙሉ ሠሩት። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት እያፈሰሱ ሳምንታት አስጠበቁትና አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእጃቸው ገፋ ሲያደርጉት ተላቀቀ። ካርቡሬተሩን ፈተው አጠቡ፣ የፍሪሲዮን ሸራውን ለወጡ፣ ማግኔቱን አደሱ። ጥቁሩ ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ ባንታም የሚታወቅበት ፈዛዛ አረንጓዴ ወጣ።

አንድ ቀን ቴላዮውን ብቻውን አስቀምጠው ከዳር እስከ ዳር ክር ወጠሩበት። የፊት ጎማውን የሚይዙትን ሁለት ዘንጎችም መስታወት ላይ አንከባለሏቸው። «ይህ ሞተር ወድቆ አያውቅም» አሉኝ። ቆሞ ሳለ ተጋድሞ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ጎን የሚሰነጥቅ አወዳደቅ ግን አልወደቀም። ቴላዮው እንደ ቃጭል ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ በመዶሻ እጀታ መትተው አሰሙኝ። እኔ የማስበው ግን ጠባሳውን ነበር።

ወረቀቱ ከብረቱ ይብስ ነበር። እንግሊዝ አገር ድሮ ተሽከርካሪ የሚመዘገበው በየአካባቢው ምክር ቤት ነው። በ1974 ስዋንሲ ላይ አንድ ማዕከላዊ መዝገብ ተከፈተና እስከ ኖቬምበር 1983 ድረስ ወደዚያ ያልተዛወረ ቁጥር ከመዝገብ ውጭ ሆነ። የጋሼ ሞተር ያን ጊዜ ሸራ ሥር ነው፣ ማን ያዛውርለት? ቀላሉ መንገድ የተሠራበትን ዘመን የሚመሰክር ወረቀት አቅርቦ ለዕድሜው የሚመጥን ሌላ ቁጥር መቀበል ነው። በ1946 የተመሠረተው የቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ የፋብሪካውን የመላኪያ መዝገቦች ይዟል፤ ከዚያ ላይ የሞተሩና የቴላዮው ቁጥር አብረው በ1953 ከፋብሪካ መውጣታቸው ተገኘልኝ። ሁለቱ ቁጥሮች ስለማይመሳሰሉ «ከሁለት ሞተር የተገጣጠመ ነው» ያለኝ ሰው ነበር። ቢኤስኤ በዚያ ዘመን የሞተሩንና የቴላዮውን ቁጥር አንድ አያደርግም ነበርና ስጋቱ በዚያው አለፈ።

የፋብሪካው መዝገብ ግን የሰሌዳ ቁጥር አይጽፍም። እኔ የፈለግሁት ደግሞ የጋሼን ቁጥር ነው፤ ሌላ ቁጥር ከለጠፍሁበት ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሞተር አይሆንልኝም። ለዚህ ቪ765 የሚባል ቅጽ አለ፤ የድሮውን ሰሌዳ ከቴላዮው ቁጥር ጋር በአንድ ገጽ ላይ የሚያገናኝ የዘመኑ ሰነድ ይጠይቃል። ፎቶግራፍ ብቻውን አይበቃም። የክለቡ በጎ ፈቃደኛ «የድሮው ሊብሬ የለም? ቡናማ፣ እንደ ደብተር የሚታጠፍ ካርቶን ነው» ብለው ጠየቁኝ።

ለእማዬ ደወልሁ። «እኔ የሞተር ወረቀት አላውቅም፣ የሱ ሠርተፊኬቶች ግን ሣጥኑ ውስጥ አሉ» አለችኝ። የአክስቴ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ አንድ በአንድ በስልክ ፎቶ እያነሳ ላከልኝ። ዲግሪው፣ የክትባት ካርዱ፣ የመርከብ ትኬቱ፤ ከዚያ አንድ ቡናማ ካርቶን። ስልሳ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ተቀምጧል። የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የሞተሩ ቁጥር፣ የቴላዮው ቁጥር፣ በሦስተኛ ባለቤትነት የጋሼ ስም።

ደስታዬን እንደያዝሁ ስዕሉን አሰፋሁት። የእነሱ ቦሎ በዚያን ጊዜ በየሩብ ዓመቱም ይከፈል ነበር፤ በከፈሉ ቁጥር ጸሐፊው ሊብሬው ላይ ከነቀኑ ማኅተም ይመታል። የጋሼ ማኅተሞች ሰልፍ የያዙ ይመስላሉ፣ አንድም አልዘለለም። እስከ ሴፕቴምበር 1957 መጨረሻ የሚያገለግለው ተመትቷል። ቀጣዩ ማኅተም የጁላይ 1958 ነው። መካከሉ ባዶ ነው። ብርድ ፈርቶ ይሆን ብዬ ወደኋላ ተመለስሁ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ግን በረዶውን ሳይል ከፍሏል።

ወደ ወይዘሮዋ ተመልሼ ስለ 1957 ጠየቅኋቸው። ዓመተ ምሕረቱን አላስታወሱም። «ሩሲያኖቹ ስፑትኒክን ያመጠቁ ጊዜ» ስላቸው ግን ቀና አሉ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጓሮ ወጥተው ሰማዩን ሲያዩ ጋሼ አብሯቸው ባለመኖሩ አልቅሰዋል፤ ኮከቦቹን በስማቸው የሚያስተምራቸው እሱ ነበርና። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሆስፒታል ገብቶ ነበር፣ ሳምባውን ታሞ። በብርድ አልጋው በረንዳ ላይ የሚወጣበት፣ ልጅ የማይገባበት ሆስፒታል። እናታቸው እሑድ እሑድ እንቁላል ይዘውለት ይሄዱ ነበር። ጎኑን ከፍተው ያከሙትም እዚያ ነው።

ሳምባ ነቀርሳ በዚያ ዘመን በእኛ ዘንድ እንዴት ይታይ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ዘር ይነካል፣ ትዳር ያፈርሳል ይባል ነበር። ጋሼ በሽታውን ከሚናገር ሞተሩን ቢያማ መርጧል።

ለእማዬ ሁሉንም በስልክ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሆስፒታል የገባው በእኛ መቼ ነው?» ስፑትኒክ የተወነጨፈው ኦክቶበር 4፣ በእኛ መስከረም 24 ቀን 1950 ነው። ነገርኋት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማኅተሙም ሴትዮዋም አንድ ነው የሚሉት፣ እማዬ።»

ያን ጊዜ ነገረችኝ። ጥቅምት 12 ቀን 1950፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆና፣ ለትምህርት ቤት የጠየቀችው ገንዘብ ስለዘገየባት «እንግሊዝ አገር ሄደህ ረሳኸን፣ ወንድም እንዳለኝም አልቆጥር» ብላ ጽፋለታለች። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። በሰኔው ደብዳቤ ውስጥ ለትምህርት ቤቷ የሚሆን ገንዘብ ነበረበት፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያን ዝምታ የእኔ ቃል ነው ያመጣው ብላ ኖራለች። ሲመለስ ልትጠይቀው አፍራ፣ ሲሞት ሳትጠይቀው ቀረች። «ስጽፍለት እኮ ታሞ ነበር» አለች። ደግማ «ቀድሞ ታሞ ነበር» አለች።

ቡናማው ሊብሬ በሰው እጅ መጣልኝ። የክለቡ ሰው ቴላዮው ላይ የተመታውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር በጣታቸው እየተከተሉ አመሳክረው ፈረሙ። በ2021 አዲሱ ሊብሬ በእኔ ስም፣ በጋሼ ቁጥር ወጣ። እንዲህ የተመለሰ ቁጥር ወደ ሌላ ተሽከርካሪ አይዛወርም፤ ከዚሁ ሞተር ጋር ይኖራል። ከ40 ዓመት በላይ ስለሆነም ዛሬ የቦሎ ክፍያ የለበትም።

እማዬ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን በስልክ ሰማችው። የለመነችኝ ግን አሮጌውን ካርቶን እንድመልስላት ነው። ወደ አገር የምትሄድ ጓደኛዬ አደረሰችላት። የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ ወደ ሠርተፊኬቶቹ ሣጥን አልመለሰችውም። የደብዳቤዎቹን ክር ፈትታ፣ በመስከረም 1950 እና በሰኔ 1950 መካከል አስገብታ፣ መልሳ አሰረችው።